መደብና ቦይ፦ የአንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ የክረምት ማስታወሻ

ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ባለፈው ነሐሴ ውኃ ቤቴ ገባ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ወለል ላይ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጫማዬን ልፈልግ እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ቁርጭምጭሚቴን ቀዝቃዛ ውኃ ያዘው። ጠቅልዬ ከአልጋው ሥር ያኖርኳቸው የክፍል ካርታዎቼ ተበላሹ፤ የጎረቤቴ የጤፍ ከረጢት ራሰ። ሲነጋ ሁላችንም መጥረጊያ ይዘን ውኃውን ከየበራችን ወደ ግቢው ገፋን። ግቢው ራሱ ሐይቅ ሆኖ ተኝቷል። የገፋነው ተመልሶ መጣ።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ወንዝ ተፋሰስ ሳስተምር የምኖርበት ግቢም አንድ ትንሽ ተፋሰስ መሆኑን ልብ ያልኩት በዚያ ጠዋት ነው። ዛሬ በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ ሐሳቤን አቀረብኩ፤ ሁለት ብሎክ፣ 56 ቤተሰብ ነን። ዝናቡን ከግቢ ለማባረር ከመሯሯጥ ይልቅ ግቢው ውስጥ ለጥቂት ሰዓት የሚያርፍበት ቦታ እንስጠው አልኩ። ክርክሩ ረጅም ነበር፤ በመጨረሻ መዋጮው ተወሰነ። ከሐምሌ በፊት መጨረስ አለብን።

ሚያዝያ 13

ሜትር ይዘን ወጣን። የአንዱ ብሎክ ጣሪያ 28 ሜትር በ11 ሜትር ነው። የቆርቆሮው ግማሽ ወደ ኋላ፣ ግማሹ ወደ ግቢ ያዘነብላል። ስለዚህ ከሁለቱ ብሎኮች ወደ ግቢያችን የሚያፈስሰው ጣሪያ 308 ካሬ ሜትር መጣ። ግቢው ራሱ 400 ካሬ ሜትር ነው፤ ሁሉም ኮብልስቶን፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተትም በሲሚንቶ የተደፈነ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ይሆናል። ይህን ሒሳብ ተማሪዎቼ ወዲያው ይይዙታል፤ አዋቂ ሰው ግን ውጤቱን ሲሰማ ይደነግጣል። 25 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ ኃይለኛ ዝናብ ግቢያችን ውስጥ 17,700 ሊትር ያወርዳል፤ በ20 ሊትር ጄሪካን 885 ጄሪካን ማለት ነው። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ትልቁን ድርሻ የሚጥሉት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። እዚህ መሬት ላይ እርሻ በነበረበት ዘመንም ዝናቡ ይኸው ነበር። የተለወጠው የሚወርድበት መሬት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ዝናብ እለካለሁ። መለኪያዬ ጎኑ ቀጥ ያለ የወተት ዱቄት ጣሳ ነው፤ ውስጡ ማስመሪያ አቁሜ ከኮሙናሉ (ከነዋሪው የጋራ ቤት) ጣሪያ ላይ በሽቦ አስሬዋለሁ።

ሚያዝያ 20

የአፈር ሙከራ። ከኮብልስቶኑ ጫፍ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረን አንድ ባልዲ ውኃ አፈሰስንበት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ። ሁለተኛ ባልዲ ጨመርን፤ እሱም ጠፋ። አጨበጨብን። መሬቱ እንዲህ የሚጠጣ ከሆነ በድንጋይ የተሞላ አንድ ጥልቅ የማስረጊያ ጉድጓድ ይበቃናል ብዬ ደመደምኩ።

የግቢያችን ጥበቃ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና “መምህር፣ ነገም ይሙሉት፤ ከነገ ወዲያም ይሙሉት” አሉኝ። አመስግኜ አለፍኩ። ሳልሞላው ቀረሁ።

ግንቦት 4

ከፋሲካ በኋላ ሥራ ጀመርን። ሁለት ሜትር ጥልቀት፣ አንድ ሜትር ተኩል ወርድ። አራት ወጣቶች በሁለት ቀን ቆፍረው ጨረሱ፤ ድንጋይ ሞላንበት። የጣሪያውን አሸንዳ በቱቦ ወደ እሱ አገናኘን።

ግንቦት 13

ትናንት ማታ 14 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ጉድጓዱ ሞልቶ ፈሰሰ። ዛሬ ማታም እንደ ሞላ ነው።

ግንቦት 17

አራተኛ ቀን። ውኃው አራት ጣት እንኳ አልወረደም። ትንኝ መጥቷል። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ በደረጃው ላይ አግኝታኝ ምንም አላለችኝም፤ እኔ ግን ገንዘቧ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ግንቦት 18

ጋሼን ፈልጌ ሄድኩ። ከጉድጓዱ ጫፍ ላይ አጎንብሰው አንድ እፍኝ አፈር አወጡ፤ በመዳፋቸው ሲያድቦለቡሉት እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ ተሳበ፣ ሳይሰበርም ቀለበት ሆነ። “ይህ መረሬ ነው” አሉ። “በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ እጅ ይገባል። ያን ጊዜ ውኃ ቢያፈስሱበት ይጠጣል፤ የጠጣው ግን ስንጥቁ ነው። አንድ ጊዜ ከጠገበ ያብጣል፣ አፉን ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ጠብታ አያሳልፍም።”

የሚያዝያው ጭብጨባችን ለስንጥቁ ነበር። የቱሉ ዲምቱ ትርጉም በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ነው፤ ስሙ ከኮረብታው ጋር ይስማማል፤ እኛ ያለንበት ሜዳ ግን ጥቁር መረሬ ነው። ይህን ልዩነት ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ስዬ አስረድቻለሁ። አካፋ ስይዝ ረሳሁት።

ጋሼ የእነዋሪ ሰው ናቸው። በእነሱ አገር፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ገበሬው መረሬን ሰፋ ያለ መደብ አድርጎ ከፍ ያደርገዋል፤ በመደቦቹ መካከል ቦይ ያወጣል። እህሉ ከፍ ካለው መደብ ላይ ይበቅላል፤ ትርፉ ውኃ በቦዩ ቀስ እያለ ይወጣል። ይህ በእጅና በዶማ ለትውልድ የተሠራ ሥራ ነው። በኋላ ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ መሣሪያ ሠርተውለታል፤ መነሻው ግን የገበሬው እጅ ነው። “ውኃ ወደ ታች አይሄድም ካለ ወደ ጎን ያስኬዱት፤ ግን አያስሩጡት” አሉኝ። ግቢያችን የሚያስፈልገውን ንድፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጡኝ።

ድንጋዩን ከጉድጓዱ ልናወጣ ነው።

ግንቦት 25

አዲሱ ንድፍ ይህ ነው። በግቢው የታችኛው ጎን፣ 18 ሜትር ርዝመትና 4.80 ሜትር ስፋት ያለው መሬት ላይ አራት መደብ እናወጣለን፤ መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር፣ የቦዩ ጥልቀት 25 ሳንቲ ሜትር። አራቱ ቦዮች ሲሞሉ 7,200 ሊትር ይይዛሉ። ከሥራቸው አንድ ሜትር ወርድና 80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ረጅም ቦይ ይቆፈርና ቀይ አሽ የሚባለው ጠጠር ይሞላበታል፤ በመካከሉ በየቦታው የተበሳ የ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ያልፋል። የቱቦው መጨረሻ ክዳን ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ቀዳዳ ብቻ ይኖራል። ውኃው በዚያች ቀዳዳ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ወደ መንገዱ ቦይ ይወርዳል።

ቀይ አሹ ምን ያህል ውኃ እንደሚይዝ በግምት አልተውነውም፤ አሁን ተምሬያለሁ። የ20 ሊትር ባልዲ በቀይ አሽ እስከ አፉ ሞላን፤ ከዚያ በሊትር እየለካን ውኃ ጨመርን። ስምንት ሊትር ጠጣ። ጠጠሩን በእጅ ሲይዙት ቀላል ነው፣ ዳቦ ይመስል ሁለመናው ቀዳዳ ነው፤ የጥንት እሳተ ገሞራ አረፋ ነውና። ስለዚህ የረጅሙ ቦይ 14.4 ሜትር ኩብ ቀይ አሽ 5,700 ሊትር ያህል ይይዛል። ከላይኛው ብሎክ ጣሪያ የሚወርደውን ደግሞ 5,000 ሊትር በሚይዝ ታንከር እናጠራቅማለን። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ለልብስ ማጠቢያና ለደረጃ መወልወያ በቂ ነው። ታንከሩ የአንዱን ጣሪያ ውኃ ብቻ ስለሚቀበል ላይሞላ ይችላል፤ ቢሆንም ሦስቱ ተደምረው ከ17,700 ሊትሩ አብዛኛውን ያስቀራሉ።

አራተኛ ፎቅ የሚኖር መሐንዲስ ጎረቤታችን ሁለት ነገር አነሳ። አንደኛው፣ መረሬ ሲያብጥና ሲኮማተር ግድግዳ ስለሚሰነጥቅ ውኃው ከመሠረቱ መራቅ አለበት። በሕንፃው በኩል ወፍራም ፕላስቲክ እናለብሳለን፤ ከግድግዳውም አራት ሜትር እንርቃለን። ሁለተኛው ከበድ ይላል። ቻይና “ስፖንጅ ከተማ” እያለች ውኃ የሚጠጡ መናፈሻዎችን በብዙ ከተሞች ሠርታለች፤ ዠንግዡ ከእነዚህ አንዷ ነበረች። ሐምሌ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን በአንድ ሰዓት ብቻ 201.9 ሚሊ ሜትር ጣለባት፤ ከተማዋ ተጥለቀለቀች፣ የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፋሪዎችም ሞቱ። “ይህ ሥራ ሁሉን ያድናል እንዳትሉ” አለ። ልክ ነው። የእኛ መደብ ለዓመት ዓመቱ ዝናብ ነው። ከዚያ ለሚበልጠው ውኃ መውጫ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከጉድጓዱ ያወጣነውን ድንጋይ በመደቡ ጫፍ ደርድረን ማፍሰሻ እንሠራለን። ያ ድንጋይ ሥራ አገኘ።

ሰኔ 2

የቀይ ሥር ቀን። ብዙዎቻችንን ለረጅም ጊዜ ያስጨነቀ አንድ ጉዳይ ነበር፤ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል የፍሳሽ ማንሆሉ ክዳን ይነሣና ቆሻሻው ወደ ምድር ወለል ቤቶች በር ይመጣል። ዝናብ ከፍሳሽ መስመር ጋር ምን አገናኘው? የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ሁለት ኪሎ ቀይ ሥር ቀቅላ ውኃውን በባልዲ አመጣችልን። አንድ ወጣት ጣሪያ ላይ ወጥቶ አሸንዳው ውስጥ አፈሰሰው። እኛ ማንሆሉን ከፍተን ስንጠብቅ፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከጎን በኩል ባለች ቱቦ ቀይ ውኃ ብቅ አለ።

ማን መቼ እንዳገናኘው አናውቅም። ከ150 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ የጣሪያ ዝናብ ለመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በተለካ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ክዳኑ ባይነሣ ነበር የሚገርመው። የቱቦውን አፍ ደፍነን አሸንዳውን ወደ ታንከሩ አዞርነው። ይህን ሙከራ ማንኛውም ኮንዶሚኒየም በግማሽ ቀን ሊሠራው ይችላል፤ ከዚህ ማስታወሻ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ቢኖር ይህን እንዲወስድ እለምናለሁ። ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ላይ የሚፈሰው ቆሻሻ የጤና ጉዳይ ነው።

ሰኔ 9

ዛሬ አረፋ ነው። ሥራ የለም። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሥጋ በየቤቱ ላኩ።

ሰኔ 16

ሦስት አይሱዙ ቀይ አሽ ገባ። ሠላሳ ሰው ወጣ፤ ሴቶቹ ቡና አፍልተው ራሳቸውም አካፋ ያዙ። መደብ ሲወጣ የመሩት ጋሼ ናቸው። ገመድ ወጥረው፣ ዶማውን ከላይ ሳይሆን ከጎን እያስገቡ፣ አፈሩን ገልብጠው በጀርባው ሲደልድሉት የእጃቸው ፍጥነት የሰባ ዓመት ሰው አይመስልም። አንድ ወጣት ቦዩን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ሊያወርደው ሲል አስቆሙት። “ተዳፋቱ ለዓይን መታየት የለበትም” አሉ። በውኃ ልክ ስንለካው በአሥር ሜትር አምስት ሳንቲ ሜትር ወጣ። በዓይናቸው ነው ያወጡት።

ሰኔ 23

ተከላ። ቦዩ ውስጥ ቄጠማ፤ እግሩ ውኃ ውስጥ ቢቆም የሚወድ ተክል ነው። በማፍሰሻው ድንጋይ ዙሪያ ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ አፈር የሚይዝ ቬቲቨር ሣር። መደቦቹ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ቤተሰብ የወደደውን ተከለ፤ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በሶ ብላ፣ ጠጅ ሣር። አንድ አባት ባሕር ዛፍ ካልተከልኩ ብለው ነበር፤ ሥሩ ቱቦውንም መሠረቱንም እንደሚፈልግ አስረድተን ሸንበቆ ሰጠናቸው።

ሐምሌ 11

ችግር። ትናንት 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ጥሎ ቦዮቹ እስከ ዛሬ ማታ አልጎደሉም። የቱቦውን ክዳን ስንከፍት ቀዳዳዋ ላይ የጫት ገረባና የፌስታል ቁራጭ ተጠቅልሎ ተገኘ። ከምድር ወለል ሱቆቹ አንዱ ጠዋት ጠዋት ደጁን ሲጠርግ ወደ ቦዩ ይጠርጋል። ሄጄ አነጋገርኩት፤ አልተቆጣም፣ ቦዩ የሱም መሆኑን አልነገርነውም ነበር። ወንፊት ሽቦ በድርብ አሰርንበት። ደንብ አወጣን፤ ውኃ ከ48 ሰዓት በላይ ከቆመ ትንኝ ከመራባቱ በፊት ተረኛው ክዳኑን ይከፍታል። ተረኛው በየሳምንቱ ይለወጣል፤ ስሙ ደረጃው ሥር ተለጥፏል።

ሐምሌ 21

እሑድ ማታ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ። መጀመሪያ ንፋስ፣ ቀጥሎ በረዶ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ሰው ከሰው ጋር መነጋገር እስኪያቅተው የሚደበድብ ዝናብ። መብራት ጠፋ። ባትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

ታንከሩ በሩብ ሰዓት ከግማሽ በላይ ሞላ። ቦዮቹ አንድ በአንድ ሞሉ፤ የመጨረሻው ሲሞላ ውኃው መደቦቹ ላይ ወጣ፣ ጎመኑ ጫፉ ብቻ ይታይ ነበር። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ባትሪዬን የደጃፌ ደረጃ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ውኃው ደረጃው ላይ ሊወጣ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። ልቤ እንዴት ይመታ እንደነበር ልጽፈው አልችልም። ጎረቤቴ የጤፍ ከረጢቷን አልጋ ላይ አውጥታ ቁጭ ብላበታለች፤ “ወረደ?” አለችኝ። “እየወረደ ነው” አልኳት። የማንሆሉ ክዳን አልተነሣም።

ጣሳው ላይ 31 ሚሊ ሜትር። በሒሳብ ወደ 22,000 ሊትር ነው፤ ከአቅማችን በላይ።

ሐምሌ 22

ጠዋት የታችኛው ብሎክ ጥበቃ መጥቶ ጋሼን አናገራቸው። ሌላ ጊዜ ዝናቡ ገና ሳያባራ የእኛ ግቢ ጎርፍ የእነሱን በር ይመታ ነበር። ትናንት ግን የመጣው ካባራ በኋላ ነው፤ ያውም በቀጭኑ። ውኃው የት ቆየ ብሎ ነው የጠየቀው።

ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። ውኃውን አላጠፋነውም፤ ጊዜ ነው የሰጠነው። ጎርፍ የሚገድለው የሺው ጣሪያና የሺው ግቢ ውኃ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ወንዝ ጋ ሲደርስ ነው።

ሐምሌ 30

ዛሬ ድሬዳዋ ጎርፍ ከደረሰባት አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። በ1998 ዓ.ም. በዚህ ቀን ሌሊት፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ከላይ ከተራሮቹ በወረደ ዝናብ ሞልቶ የተኛውን ሕዝብ ወሰደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። የአንድ ግቢ መደብ ደቻቱን አያቆመውም፤ ይህን የሚል ሰው አያምጣብኝ። ነገር ግን ከተማ ሲታቀድ ወንዙ የሚተኛበት ቦታ ለወንዙ ቢተውለት፣ ከላይ ያለው ተራራ በእርከንና በደን ቢያዝ፣ ከታች ያለው ግቢ ሁሉ ውኃውን ትንሽ ቢያዘገይ፣ እነዚያ ሰዎች ለመንቃትና ለመሸሽ ጊዜ ያገኙ ነበር። አዲስ አበባም ወንዞቿን፣ ቀበናዋን፣ ግንፍሌዋን፣ ቀጨኔዋን ይዛ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የምታዘነብል ከተማ ናት። እኛ ታች ነን። ላይኛው ሰፈር አስፋልትና ኮንክሪት በጨመረ ቁጥር ውኃው ወደ እኛ ፈጥኖ ይደርሳል።

ነሐሴ 19

“ቡሄ ካለ የለም ክረምት” ይባላል፤ ትናንት ግን 22 ሚሊ ሜትር ጣለ። ቦዮቹ ያዙት፤ ድንጋዩ ላይ ጠብታ አላለፈም። ሲነጋ ባዶ ነበሩ።

መደብ ቁጥር ሦስት በአንድ ጎኑ ተንዷል። ያ ጎን ባዶ አፈር ነበር፤ ጠጅ ሣር ያለበት መደብ አልተነካም። ነገ እንተክልበታለን።

ጳጉሜን 5

ለእንቁጣጣሽ ቄጠማ ከገበያ የገዛ የለም። ልጆቹ ከቦዩ አጨዱ፤ ከየቤቱ ደጃፍ እስከ ደረጃው ድረስ ጎዘጎዙት። የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ቡና ጠራችኝ። ስለዚያ የመጀመሪያ ጉድጓድ አሁንም ምንም አላለችኝም፤ ሁለተኛ ስኒ ቀዳችልኝ።

መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የታችኛው ብሎክ ማኅበር መዋጮ ጀምሯል። ዛሬ አፈራቸውን ሊፈትኑ ጠሩን፤ ጣሳዬንና ባልዲውን ይዤ ከጋሼ ጋር ወረድን። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ መሬቱ ከላይ ደርቆ ስንጥቅ ጀምሯል። ጉድጓድ ቆፍረው አንድ ባልዲ አፈሰሱ፤ ውኃው እየጎደለ ሄደ፣ ሰዉም ማጉረምረም ጀመረ፣ አንዱ ሰዓቱን አየ። ጋሼ በዱላቸው የጉድጓዱን ጫፍ ነኩ።

“ይህን አትለኩ” አሉ። “ዛሬ አጠጡት። ነገም አጠጡት። ከነገ ወዲያ ስትሞሉት እኔና መምህር እንመጣለን፤ ያን ጊዜ ሰዓት እንይዛለን።”